ለብራንድ ሙድ ቦርድ መሥራት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ንግድ የሚጀምሩ ሰዎችና ጀማሪ ዲዛይነሮች ደጋግመው የሚጠይቁኝን እዚህ ሰብስቤያለሁ፤ ቀላሎቹ ከላይ፣ ከበድ የሚሉት ከታች ናቸው።

ሙድ ቦርድ ምንድን ነው?

አንድ ካፌ ገብታችሁ «ይሄ ቤት ሙድ አለው» ትላላችሁ። ምኑ ነው ቢሏችሁ ግን ወዲያው መልስ አይመጣም። መብራቱ ነው፣ ወንበሩ ነው፣ የግድግዳው ቀለም ነው፣ ሜኑው የተጻፈበት ፊደል ነው። ሁሉም ተደማምሮ ነው ያንን ስሜት የሰጣችሁ። ሙድ ቦርድ ማለት ይህንኑ ስሜት፣ ንግዱ ገና በሩን ሳይከፍት፣ በአንድ ሰሌዳ ላይ ሰብስቦ ማየት ነው። ፎቶ፣ ቀለም፣ የፊደል ናሙና፣ የጨርቅ ቁራጭ፣ የወረቀት ዓይነት፣ አልፎ አልፎም አንድ ሁለት ቃል ይኖረዋል።

የብራንዱ ሎጎ አይኖረውም። ገዢም አያየውም። የሚያዩት ባለቤቱ፣ ዲዛይነሩ፣ ፎቶ አንሺውና ማሸጊያውን የሚያትመው ሰው ናቸው። እነዚህ ሰዎች ሥራውን በአንድ ዓይን እንዲያዩት ነው የሚሠራው።

በቀጥታ ሎጎው ቢሠራስ? ይሄ ጊዜ ማባከን አይሆንም?

ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንድ ደንበኛ «ዘመናዊ ነገር ሥራልኝ» አለኝ። ሠራሁ። አልተዋጠለትም። ሌላ ሠራሁ። ሰባተኛው ላይ ስንደርስ ሁለታችንም ዝለን ነበር። በመጨረሻ «እስኪ የምትወደውን በስልክህ አሳየኝ» አልኩት። ያሳየኝ ወርቅማ፣ የሚያብለጨልጭ፣ ጥላ የጣለ ጽሑፍ ነው። እኔ ደግሞ ዘመናዊ ሲለኝ የታየኝ ነጭ ቦታ የበዛበት፣ ቀጭን ፊደል ያለው ነገር ነበር። ሦስት ሳምንት ሙሉ በአንድ ቃል ሁለት ነገር ስናወራ ከረምን።

«ዘመናዊ»፣ «ማራኪ»፣ «ጥራት ያለው»፣ «ኢትዮጵያዊ» የሚሉ ቃላት ባዶ ዕቃ ናቸው። ሁሉም የየራሱን ይሞላባቸዋል። ፎቶ ፊት ለፊት ሲቀመጥ ግን «እኔ ያልኩት ይሄንን አይደለም» ማለት ቀላል ነው። ሙድ ቦርድ ቢበዛ ሁለት ቀን ይወስዳል። አለመስማማት ካለ ሎጎው ላይ ሳይሆን እዚህ ይውጣ፤ እዚህ ርካሽ ነው።

ከብራንድ መመሪያና ከቪዥን ቦርድ በምን ይለያል?

የብራንድ መመሪያ የመጨረሻው ሰነድ ነው። ሎጎው የት ይቀመጣል፣ የቀለሙ ቁጥር ስንት ነው፣ ምን ማድረግ ክልክል ነው የሚለውን ይወስናል። ሙድ ቦርድ ከሁሉም ይቀድማል፤ አቅጣጫ ያሳያል እንጂ አይደነግግም። ቪዥን ቦርድ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የግል ነው። ሰው የሚመኘውን ቤት፣ ትምህርት ወይም ጉዞ ለጥፎ ግድግዳው ላይ የሚሰቅለው ነው።

ከየት ልጀምር?

ከምስል አትጀምሩ። ከጥያቄ ጀምሩ። የሚገዛው ማን ነው? ምርቱን መጀመሪያ የሚያየው የት ነው፤ ሱፐርማርኬት መደርደሪያ ላይ፣ ቴሌግራም ላይ፣ ወይስ ጎረቤት ቤት? ሲያየው ምን እንዲሰማው ትፈልጋላችሁ? ብዙ ሰው የሚዘለው አንድ ጥያቄም አለ፦ ምን መምሰል አትፈልጉም?

ከዚህ በታች ደጋግሜ የማነሣው የሽሮና የበርበሬ ሥራ አለ። ባለቤቷ በዕድሜ ገፋ ያሉ እናት ናቸው። ለዓመታት ለሰፈር ሰው ሲያዘጋጁ፣ ዋሽንግተንና ዱባይ ላሉ ዘመዶቻቸውም በሻንጣ ሲልኩ ኖረዋል። በኋላ አሽገው ለሱቅ ለማቅረብ ተነሡ። ምን እንዲመስል ይፈልጋሉ ስላቸው ትንሽ አሰቡና «ሰው ሲያየው ቤቱ ትዝ ይበለው። ግን የዘፈቀደ ሥራ እንዳይመስልብኝ» አሉኝ። ከዚህ ሦስት ቃል አወጣን፦ ሙቀት፣ ንጽሕና፣ ጥንቃቄ። ከሦስቱ አንዱን የማያሳይ ምስል ምንም ቢያምር ቦርዱ ላይ አልወጣም። ለእናንተም ከሦስት እስከ አምስት ቃል ይበቃል።

ምስል ከየት ላምጣ? ፒንተረስት አይበቃም?

ለመነሻ ይሆናል። ምስል የሚሰበሰብበት ፒንተረስትም፣ ዲዛይነሮች ሥራቸውን የሚያሳዩበት ቢሃንስም፣ ኢንስታግራምም ዓይን ይከፍታሉ። ችግሩ፣ ለሁሉም ሰው የሚያሳዩት ያንኑ ነው። የቅመም ማሸጊያ ብላችሁ በእንግሊዝኛ ፈልጉ። ቡኒ ወረቀት፣ ጥቁር ቀጭን ጽሑፍ፣ ከጎኑ የእንጨት ማንኪያ። ያንን ይዞ የተነሣ ብራንድ በርሊንም ይሁን ሜልበርን መልኩ አንድ ነው። የአዲስ አበባውም ያንኑ ይመስላል።

ስለዚህ አንድ ደንብ አለኝ፦ ከቦርዱ ምስሎች ግማሹ በገዛ ስልካችሁ የተነሣ ይሁን። ሽሮ ሜዳ ወጥታችሁ ጥለት በቅርብ አንሡ። ስድስት ኪሎ፣ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ ወዳለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ግቡ፤ የቤት ዕቃውም ጌጡም እዚያ አለ። አፍሪካ አዳራሽ ያለው የአፈወርቅ ተክሌ ባለቀለም መስታወት፣ ቀለም ብርሃን ሲያልፍበት ምን እንደሚሆን ያሳያል። የወላጆቻችሁ የፎቶ አልበም፣ የድሮ ቴምብር፣ የሱቅ በር ላይ በእጅ የተጻፈ ታፔላ፣ ሁሉም መነሻ ነው። ከሁሉም በፊት ግን ሥራው ራሱ የሚሠራበት ቦታ ሂዱ።

ለሽሮው ሥራ አንድ ቀን ጠዋት 4 ሰዓት ገደማ እናትየዋ ግቢ ሄድኩ። ዛላ በርበሬ ሰሌን ላይ ተሰጥቷል። ከሩቅ ሲታይ አንድ ቀይ ነው። ጎንበስ ብዬ ሳየው ግን ዳር ዳር ያለው ገና እርጥበት አለው፤ ቀዩ ብሩህ ነው። መሐል ያለው ደርቆ ወደ ጥቁር ቀይ ሄዷል። ልጡ በተሰነጠቀበት ቢጫ ፍሬ ብቅ ይላል። ሰሌኑ ራሱ ፀሐይ የበላው ገለባ መስሏል። አንድ ፎቶ አነሣሁ። ቀለማችን ሁሉ እዚያ ውስጥ ነበር። ከዚያ ወዲያ ኢንተርኔት ላይ ቀይ ፍለጋ አልሄድኩም።

ስንት ምስል ይበቃል?

ስትሰበስቡ መቶም ይሁን። ቦርዱ ላይ የሚቀረው ግን ከ12 እስከ 20 ባይበልጥ ጥሩ ነው። እያንዳንዱን በእጃችሁ ሸፍኑትና ቦርዱ ምን እንደጎደለው እዩ። ምንም ካልጎደለው አውጡት። አንዱን ምስል ደግሞ ከሌሎቹ አተልቁት፤ ሁሉም እኩል ከሆነ ዓይን ማረፊያ ያጣል።

በምን ልሥራው? ፕሮግራም መቻል አለብኝ?

የለባችሁም። ካንቫና ፊግማ በነፃ ያሠራሉ። ፓወርፖይንትም ይበቃል። ስልክ ብቻ ያለው ሰው በካንቫ መተግበሪያ ይሥራው።

የሚዳሰስ ምርት ካላችሁ ግን ካርቶን፣ መቀስና ኮላ አይቅሩባችሁ። ስክሪን ጨርቁ ይሻክር ይለስልስ፣ ወረቀቱ ይወፍር ይሳሳ አይነግራችሁም። ለሽሮው ሦስት ዓይነት የማሸጊያ ወረቀት ካርቶን ላይ ለጥፈን በጣታችን እየዳሰስን ነው የመረጥነው። አንዱ ለዓይን በጣም ያምር ነበር። ቅባት የነካው ጣት ሲያርፍበት ግን ወዲያው እድፍ ያዘ። ወጥ ቤት የሚውል ነገር ነውና በዚያው ቀረ።

ቀለም እንዴት ልምረጥ?

ከአምስት አይብዛ፤ ከሰበሰባችኋቸው ምስሎችም ውስጥ ልቀሙት። ካንቫም ፊግማም የቀለም መልቀሚያ አላቸው። ፎቶው ላይ ስትነኩ የቀለሙን ቁጥር ይሰጣችኋል። ከዚያ አንዱ ሰፊውን ቦታ ይያዝ፣ ሁለተኛው ያግዘው፣ ሦስተኛው ጥቂት ቦታ ላይ ብቻ ብልጭ ይበል። ዲዛይነሮች 60፣ 30፣ 10 በመቶ እያሉ የሚከፍሉት ይህንኑ ነው። ግዴታ አይደለም፤ ለጀማሪ ግን መንገድ ያስይዛል። ጎረቤትንም እዩ። ዋና መንገድ ላይ ቆማችሁ ባንኮቹን ብታዩ፣ ወይን ጠጁ ንግድ ባንክ፣ ብርቱካናማው አዋሽ፣ ቢጫው አቢሲንያ መሆኑን ጽሑፉን ሳታነቡ ታውቃላችሁ። በዘርፋችሁ የተያዘ ቀለም ይዛችሁ ከገባችሁ ሰው ከሌላው ጋር ያምታታችኋል።

ለቀለሞቻችሁ ስም ስጧቸው። «ቀይ ቁጥር ሁለት»ን ማንም አያስታውሰውም። አማርኛችን ለቀለም ስም ንፉግ አይደለም። ፈረሱን ዳማ፣ ጉራቻ፣ አምባላይ ብለናል። በሬውን ዳልቻ፣ ጤፉን ሰርገኛ ብለናል። እኛም የሽሮውን ቀለሞች በርበሬ፣ እርድ፣ ሽሮ፣ ሰሌንና ጥላሸት አልናቸው። እናትየዋ ደውለው «ከላይ ያለው እርድ በዛ» ሲሉኝ ያለ ምንም ማብራሪያ ገባኝ።

በመጨረሻ አትማችሁ እዩት። ስክሪን ቀለም የሚሠራው በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ ብርሃን ነው። ማተሚያ ቤት ግን በአራት ቀለም ነው የሚያትመው። ስልክ ላይ የሚያበራ ብርቱካናማና አረንጓዴ ወረቀት ላይ ሲወጣ ይደበዝዛል። ጽሑፍና መደቡም በብሩህነት ይራራቁ። የዌብ ተደራሽነት መመሪያው ለተራ ጽሑፍ ቢያንስ 4.5 ለ 1 የብሩህነት ንጽጽር ልክ ይጠይቃል። ቢጫ ላይ ነጭ መጻፍ እዚህ ጋ ነው የሚወድቀው።

የአማርኛ ፊደሉንስ ምን ላድርግ?

ከመጀመሪያው ቦርዱ ላይ አስገቡት። ብዙ ጊዜ የማየው ስሕተት ይህ ነው፦ ቦርዱ በሙሉ በላቲን ፊደል ይሞላና አማርኛው መጨረሻ ላይ፣ ኮምፒዩተሩ ላይ በተገኘ ፎንት ይለጠፋል። ዕቃው መደርደሪያ ላይ ሲወጣ ሁለቱ ጽሑፎች የማይተዋወቁ ሰዎች ይመስላሉ። የኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ ብሎ አይለይም። ላቲኑን ሁሉንም በትልቁ ስትጽፉት ከላይም ከታችም እኩል የሆነ መስመር ይሰጣችኋል። የኛው ግን አንዱ እግሩን ይዘረጋል፣ አንዱ ይሰበስባል፣ አንዱ ቦታ ይዞ ይቀመጣል። ይህን እንደ ጉድለት አትዩት። ውበቱ እሱ ነው፤ ግን ቀድማችሁ ልታዩትና ልታቅዱለት ይገባል።

ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክና ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ በነፃ ይገኛሉ፤ ከቀጭን እስከ በጣም ወፍራም ድረስ አላቸው። አቢሲኒካ ኤስአይኤል የብራና ጽሑፍ ለዛ አለው። ኒያላን ከዊንዶውስ ጋር ስለመጣ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ በየቢሮው ደብዳቤ ላይ አይተነዋልና ለአዲስ ብራንድ አዲስ ስሜት አይሰጥም። ታፔላ በእጁ የሚጽፍ ጎበዝ ባለሙያ ካገኛችሁ ግን ፎንቱን ትታችሁ እሱን ያዙ። ስሙን አሥር ጊዜ በብሩሽ እንዲጽፍላችሁ ከፍላችሁት አንዱን ቦርዱ ላይ ለጥፉ።

ከዚያ ስሙን ማሸጊያው ላይ በሚወጣበት ትንሹ መጠን አትሙት። «ሉ»ና «ሊ»ን አስቡ። የሚለያቸው አንዲት ትንሽ ጭረት ናት፤ ለአንዱ እግሩ ወገብ ላይ፣ ለሌላው እግሩ ሥር። ቀለሙ ላስቲክ ላይ ፈስሶ ያችን ጭረት ከዋጣት ስማችሁ ሌላ ስም ሆነ ማለት ነው።

ደንበኛው «ኢትዮጵያዊ ይምሰል» ሲለኝ ጀበና፣ ባንዲራና ጥለት ብቻ ነው የሚመጣልኝ። ምን ላድርግ?

«የትኛው ኢትዮጵያ?» ብላችሁ ጠይቁ። ይህን ጥያቄ በጣም እወደዋለሁ፤ ሰው ወዲያው ማውራት ይጀምራል። አንዱ የአያቱን ግቢ ይነግራችኋል፣ አንዷ ሐረር ጁገል ውስጥ ያደገችበትን ባለቀለም ግድግዳ፣ ሌላው የባቡር ጣቢያ ሰፈሩን። ከዚያ «ሐበሻ» የሚለው ጥቅል ቃል ይተንና እጅ የሚይዘው ነገር ይመጣል። ጥለትም ቢሆን አንድ አይደለም። የጋሞ ዱንጉዛ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር ሆኖ ከሩቅ ይጣራል። የሀገር ልብስ ዳር ላይ የሚሠራ ስስ ጥበብ ደግሞ ካልተጠጉት አይታይም። ሁለቱ ለሁለት የተለያዩ ብራንዶች ናቸው። ከማን እንደወሰዳችሁም እወቁ፤ የሰው ጌጥ ነው። ስፌትንም ተመልከቱ። አለላው እየዞረ የሚሠራው መልክ ሳይነካ ማሸጊያ ላይ ሊወጣ የሚችል ስንት ሐሳብ አለው!

ባንዲራውን ተዉት። ሦስቱን ቀለማት የያዘ ሎጎ ከመብዛቱ የተነሣ ማንንም ከማንም አይለይም። የአገር ሰንደቅ ዓላማና ዓርማም እንደ ንግድ ምልክት አይመዘገቡም። ጀበና ደግሞ ለቡና ሻጭ ሁሉ የመጀመሪያው ሐሳብ ነው። የመጀመሪያው ሐሳብ የሁሉም ሐሳብ ነው።

የሃይማኖት ነገር ሲመጣ ቀስ በሉ። የብራና መጻሕፍት ሐረግ (የገጹ ጌጥ) እጅግ ያምራል፤ ለማስዋብ ይጋብዛል። ለሽሮው ሥራ አንድ ሰው የመስቀል ቅርጽ ያለው ጌጥ ሐሳብ አቀረበ፤ ሽሮ የጾም ምግብ አይደል። እናትየዋ ራሳቸው ናቸው እምቢ ያሉት። «ከኔ ሽሮ ከሚወስዱት ግማሾቹ ሙስሊም ጎረቤቶቼ ናቸው» አሉ። እሳቸው ደንበኞቻቸውን ያውቃሉ፤ እኛ ግን ምስሉን ብቻ ነበር የምናየው።

ከኢንተርኔት ያወረድኩትን ፎቶ ቦርዱ ላይ ብለጥፍ ያስጠይቀኛል?

በእናንተና በደንበኛው መካከል ለመነጋገሪያ ብቻ የሚቀር ቦርድ በሙያው የተለመደ ነው። ችግር የሚመጣው ፎቶው ከዚያ ሲወጣ ነው። ቦርዱን ገጻችሁ ላይ ፖስት ስታደርጉ ወይም ፎቶውን ቀጥታ ማሸጊያ ላይ ስታውሉት የሰው ንብረት ነክታችኋል። በኢትዮጵያ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የፎቶግራፍና የሥዕል ሥራዎችን ይጠብቃል። «ኢንተርኔት ላይ አገኘሁት» ፈቃድ አይደለም። ከእያንዳንዱ ምስል ሥር ከየት እንደመጣ መጻፍ ልመዱ፤ በኋላ ባለቤቱን ፈልጋችሁ ለማስፈቀድም ይጠቅማችኋል።

የሌላ ድርጅት ሎጎ ቦርዱ ላይ ከለጠፋችሁ ደግሞ ምኑን እንደወደዳችሁ አጠገቡ ጻፉ። «ክፍተቱን» ወይም «ውፍረቱን» በሉ። አለዚያ ሳታስቡት ትቀዱታላችሁ። የንግድ ምልክት በአዋጅ ቁጥር 501/1998 ሲመዘገብ ለ7 ዓመት ይጸናል፣ ይታደሳልም። ስማችሁንና ምልክታችሁን ከማተማችሁ በፊት የሚመሳሰል የተመዘገበ መኖሩን የአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ጠይቁ።

ምስሎቹን በኤአይ ባሠራቸውስ?

የሌለ ነገር ለማሳየት፣ ለምሳሌ ያልተሠራ ሱቅ መብራቱ ምን እንደሚመስል ለመገመት፣ ያግዛል። ሁለት ነገር ግን አስተውሉ። የግዕዝ ፊደል ብዙ ጊዜ ያበላሻል፤ ፊደል የሚመስል ግን የማይነበብ ነገር ይጽፋል። የኛን ዕቃም ያቀላቅላል፤ ጀበናውን የሻይ ማንቆርቆሪያ፣ መሶቡን ቅርጫት ያደርገዋል። ሳያስተውል የተቀበለ ዲዛይነር የደንበኛውን እናት ፊት ያፍራል፤ እሳቸው በአንድ እይታ ነው የሚለዩት። ቦርዱ ላይ ካዋላችሁት በኤአይ የተሠራ መሆኑን ለደንበኛው ንገሩ።

ለደንበኛ ስንት ቦርድ ላሳይ? እንዴትስ ላቅርበው?

ሁለት ወይም ሦስት። አንድ ብቻ ከሆነ የሚያወዳድርበት የለውም፤ አምስት ከሆነ ከየቦርዱ እየቆነጠረ ሌላ ድብልቅ ይሠራል። ቦርዶቹ በእውነት ይለያዩ፣ ስምም ይኑራቸው። የኛዎቹ «ጓዳ»፣ «ፀሐይ» እና «ሱቅ» ይባሉ ነበር። ጓዳ ሸክላና ጥላሸት፣ ለስለስ ያለ ጨለማ ነው። ፀሐይ የተሰጣው በርበሬ ነው። ሱቅ ነጭ፣ ንጹሕ፣ ብዙ ክፍተት ያለው ነው። የተመረጠው «ፀሐይ» ነው፤ ከ«ሱቅ» ክፍተቱን ተበድሮ።

ከተቻለ በአካል አሳዩ። በቴሌግራም የተላከ ቦርድ ታክሲ ውስጥ በአውራ ጣት ነው የሚታየው። ስታቀርቡ መጀመሪያ ዝም በሉ፤ ሁለት ደቂቃ ይዩት። ከዚያ «ወደዳችሁት?» ብላችሁ አትጠይቁ። ይሉኝታ አለ። ሰው የለፋበት ነገር ፊት ለፊት ተቀምጦ «ደስ አይልም» የሚል ጥቂት ነው፤ «ጥሩ ነው፣ እናስብበት» ይባላል፣ በዚያው ይቀራል። እኔ የምጠይቀው «ከዚህ ላይ አንድ ምስል ይነሣ ብትባሉ የትኛውን ታነሣላችሁ?» ብዬ ነው። ማንንም ማስቀየም ስለሌለበት ሰው በነፃነት ይመልሳል። ቀጥሎ «ለምን?» ስትሉ እውነተኛው ሐሳብ ይወጣል።

ባለቤቶቹ እርስ በርስ ካልተስማሙስ?

በቤተሰብ ንግድ ይህ የተለመደ ነው። ትልቁ ሰው አስቀድሞ ከተናገረ የቀረው ዝም ይላል። ዝምታውን ስምምነት ነው ብላችሁ ከሄዳችሁ ሎጎው ላይ ይፈነዳል። ስለዚህ ማንም ሳይናገር እያንዳንዱ ሦስት የወደደውንና አንድ ያልወደደውን ምስል በወረቀት ይጻፍ። ከዚያ አንድ ላይ ክፈቱት። ሁሉም የጻፉት ምስል ይኖራል፤ እሱን መሠረት አድርጉ።

እናትየዋ ሁለት ሴት ልጆች አሏቸው። ውጭ ያለችው ልጅ የሸክላ ድስቱን ፎቶ መረጠች። እዚህ ያለችው ያንኑ ፎቶ ይውጣ ብላ ጻፈች። ምክንያታቸውን ስንሰማ፣ የመጀመሪያዋ ሸክላው ናፍቋት ነው። እዚህ ያለችው ደግሞ ከሥራ መጥታ በሩብ ሰዓት ሽሮ የምትሠራ ሰው ናት፤ ሸክላው የሷን ወጥ ቤት አይመስልም። ሁለቱም ልክ ናቸው። «መጀመሪያ የሚሸጠው የት ነው?» ወደሚለው ጥያቄ ተመለስን። አዲስ አበባ ሱቅ ነው። ድስቱ ወጣ፣ የሸክላው ቀለም ግን ቀረ። ክርክር ሲነሣ በዕድሜ ወይም በድምፅ አትፍረዱ። መጀመሪያ የጻፋችኋቸውን መልሶች አምጥታችሁ እነሱ ይፍረዱ።

ነባር ብራንድ ሲታደስም ሙድ ቦርድ ያስፈልጋል?

ያስፈልጋል፤ አሠራሩ ግን ትንሽ ይለያል። መጀመሪያ ሰው ምኑን እንደሚያስታውስ እወቁ። አሥር ደንበኞችን «ሎጎውን ከአእምሯችሁ ሣሉት» በሏቸው። ብዙዎቹ የሣሉት ነገር አይነካም። ሌላው ይቀየር። ቦርዱን ለሁለት ክፈሉት፤ በአንዱ በኩል የሚቀረው፣ በሌላው የሚመጣው። ዳቦ ቤቱን ለ20 ዓመት በአረንጓዴ በሩ ያወቀ ሰፈር፣ በሩ ግራጫ ሆኖ ሲያድር ቤቱ የተሸጠ ይመስለዋል።

ቦርዱ ጸድቋል። ወደ ሎጎው እንዴት ልሻገር?

ምስሎቹን ገልብጣችሁ አትቅዱ፤ ጠባያቸውን ውሰዱ። ከእያንዳንዱ ጎን «ከዚህ የምወስደው ምንድን ነው?» ብላችሁ አንድ መስመር ጻፉ። የተሰጣው በርበሬ ፎቶ የግድ በርበሬ ሣሉ አይልም። ከሱ የወሰድነው መጠጋጋትን ነው፤ ዛላዎቹ ተነባብረው ሰሌኑን እንደሞሉት፣ ፊደሎቹም ተጠጋግተው ማሸጊያውን እንዲሞሉ አደረግን። ከሰሌኑ የወሰድነው የተገመደ መስመር ነው፤ የከረጢቱ ዳር ላይ ስስ ሆኖ ይታያል።

ደንበኛው ቦርዱን ሲያጸድቅ ቀን ጽፎ ይፈርምበት፣ ወይም በጽሑፍ መልእክት «በዚህ እንቀጥል» ይበላችሁ። ይህን የምለው ለክርክር እንዲሆናችሁ ብዬ ብቻ አይደለም። ሰው በፈረመበት ነገር ላይ ቆም ብሎ ያስባል።

ቦርዱን ወደውት ሎጎውን ቢጠሉትስ?

ይህ ያጋጥማል፤ አዲስ ሎጎ ለመሥራት አትቸኩሉ። ሎጎውንና ቦርዱን ጎን ለጎን አስቀምጡና «እዚህ ያለው፣ እዚያ የጎደለው የቱ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። አብዛኛውን ጊዜ ደንበኛው በጣቱ ያሳያችኋል። ምንም የጎደለ ከሌለና አሁንም ካልወደደው ግን ቦርዱ ላይ የተስማማው ከልቡ አይደለም። ከጥያቄዎቹ እንደገና መጀመር ግድ ነው፤ ያም ከሁለት ቀን አይበልጥም።

የሽሮውን የመጀመሪያ ሎጎ ሳሳይ እናትየዋ መነጽራቸውን አድርገው ብዙ አዩት። ንጹሕ ነው አሉ፣ ቆንጆም ነው አሉ፤ ፊታቸው ግን አልተፈታም። ቦርዱን አጠገቡ አደረግሁት። ወዲያው የበርበሬው ፎቶ ላይ ጣታቸውን አሳረፉ። «ይሄ ይሞቃል። ያንተው ቀዝቅዟል፣ ልጄ» አሉኝ። ፊደሎቹን ቀጫጭን አድርጌያቸው ነበር፤ ማዕዘናቸውም ስል ነበር። ቤቴ ገብቼ አወፈርኳቸው፣ ማዕዘኖቹን አዞርኳቸው፣ ቀዩንም መሐል ላይ ወደ ነበሩት የደረቁ ዛላዎች አስጠጋሁት። በማግሥቱ ወስጄ ሳሳያቸው ምንም አላሉም። ልጃቸውን ጠርተው «ነይ እዪው» አሏት።